ሰርቪስ ላይን ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

አሜሪካ ቤት ከገዛችሁ በኋላ አንድ ደብዳቤ መምጣቱ አይቀርም። ፖስታው የመንግሥት ይመስላል። አንዳንዱ በደማቁ «ሁለተኛ ማሳሰቢያ» ይላል፤ የመጀመሪያውን ግን አይታችሁት አታውቁም። ውስጡ የግቢያችሁ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ ዋስትና እንደሌለው ይነግራችኋል። እኔ መጀመሪያ ሲደርሰኝ የውሃ ቢል መስሎኝ ቼክ ጽፌ ነበር። ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል ነው ልብ ብዬ ያነበብኩት። ለካ ሊሸጡልኝ ነው!

ደብዳቤው ቢያስደነግጥም ከምንም ተነሥቶ የተጻፈ አይደለም። መንገድ ሥር ካለው ዋና መስመር ወደ ቤታችሁ የሚገባው ቧንቧ ሰርቪስ ላይን ይባላል። አንዱ ንጹሕ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው ፍሳሽ ይወስዳል። ቢፈነዳ የሚሠራው ማነው? ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያጠቃልለው የውሃ ድርጅት፣ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ፣ ኃላፊነቱ ከዋናው መስመር እስከ ግቢያችሁ ወሰን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእናንተ ነው። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ የፍሳሹ ቧንቧ መንገዱ ሥር እስካለው መጋጠሚያ ድረስ የባለቤቱ ነው። ያኔ አስፋልት ማስቆረጡም በእናንተ ላይ ይወድቃል። «ውሃና ፍሳሽ ይምጣና ይሥራው» ብሎ መቀመጥ አይሠራም።

የቤት ኢንሹራንስስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። የተለመደው ውል በእርጅና፣ በዝገትና በዛፍ ሥር ለተበላሸ የመሬት ውስጥ ቧንቧ አይከፍልም። ቧንቧ ደግሞ በአብዛኛው የሚበላሸው በእነዚሁ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ይህን ያወቀችው የፋሲካ ዋዜማ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ ስታጥብ ዋለች። ማታ ቤዝመንት ስትወርድ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት የታጠበበት ውሃ በሻወሩ በኩል ተመልሶ መጥቶ ምንጣፉን አርሶታል። በማግስቱ የተገኘው ፕላምበር ካሜራ አስገባ። ስክሪኑ ላይ እንደተንጨባረረ ፀጉር ያለ ነገር ታየ፤ የዛፍ ሥር ነው። ቧንቧው የድሮ ሸክላ ነው። ሥሩ በመጋጠሚያው ገብቶ እዚያው እርጥበት ላይ ተንደላቆ አድጓል። ከግቢው ወሰን ወዲህ ስለነበር የከፈለችው ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ቁፋሮ ብዙ ሺህ ዶላር ይበላል።

ይህን ወጪ የሚሸፍን ነገር ከሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ ያ ደብዳቤ ነው፤ በየወሩ የሚከፈልበት የጥገና ውል። ብዙ ጊዜ የውሃው ለብቻ፣ የፍሳሹ ለብቻ ይሸጣል። የከተማውን አርማ ብታዩበት አትደንግጡ። አንዳንድ ከተሞች ከሻጮቹ ጋር ተስማምተው አርማቸውን ይሰጣሉ፤ ግዴታ ነው ማለት ግን አይደለም። ውሉ ብዙ ጊዜ የ30 ቀን መጠበቂያ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት የነበረ ብልሽትም አይሸፍንም።

ሌላው አሁን ባላችሁ የቤት ኢንሹራንስ ላይ የሚጨመር ነው። ኤጀንታችሁን «ሰርቪስ ላይን ከቨሬጅ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በዓመት ጥቂት አሥር ዶላሮች ቢያስከፍል ነው። እስከ 10,000 ዶላር የሚሸፍን፣ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡት) 500 ዶላር የሆነ የተለመደ ነው። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል፤ ሒሳቡም ይቀላል፣ ውሃውንም ፍሳሹንም አንድ ላይ ይይዛል።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። የጎረቤታችን ምንጣፍ በዚህ አይሸፈንም። ወደ ቤት ተመልሶ የገባ ፍሳሽ ላበላሸው ነገር፣ የሲወር ባካፕ ሽፋን የሚባል ሌላ ጭማሪ አለ። ቤዝመንት ያለው ሰው እንዲያውም መጀመሪያ እሱን ይጠይቅ።

ታዲያ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ኮንዶ ከሆነ የውጭው ቧንቧ በአብዛኛው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው፤ ደብዳቤውን ጣሉት። ታውንሃውስ ከሆነ የማኅበሩን ደንብ አንብቡ። ቤቱ አዲስ ሆኖ ቧንቧው ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ከሆነና ትልቅ ዛፍም ከሌለ፣ እኔ ብሆን ገንዘቤን እይዛለሁ። ከ1970ዎቹ በፊት የተሠራ ቤት ግን ሌላ ነው። ሸክላ ሊሆን ይችላል፣ የዛገ ብረትም ሊሆን ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ ሬንጅ ከጠጣ ወረቀት የተሠራ ቧንቧ አለ፤ ኦራንጅበርግ ይሉታል። አዎ፣ ወረቀት! ከዕድሜ ብዛት ይጨፈለቃል።

ገና ቤት እየፈለጋችሁ ከሆነ ደግሞ ከክሎዚንግ፣ ማለትም ግዢው ተፈርሞ ከሚያልቅበት ቀን፣ በፊት የፍሳሹን መስመር በካሜራ አሳዩ። ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ስንጥቅ ከተገኘ ሻጩ እንዲያሠራ ወይም ዋጋ እንዲቀንስ መደራደር ትችላላችሁ። ከገዛችሁ በኋላ ከተገኘ ግን «ድሮም የነበረ ነው» ተብሎ ክሌማችሁ (የክፍያ ጥያቄያችሁ) ውድቅ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ቤት በ1958 የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ ሜፕል ቆሟል። በቤት ኢንሹራንሴ ላይ አስጨመርኩ። ደብዳቤው አሁንም አልቀረም። ባለፈው ሳምንት የመጣው «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» ይላል፤ አራተኛው የመጨረሻ ነው።