እዳው ገብስ አይደለም፦ ዕዳ እየከፈልን ስለ ቁጠባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በተጋባን በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ አራት መስመር ጻፈ። ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር 60,000 ብር። ከአጎቱ 30,000። ከአንድ አራጣ አበዳሪ፣ በወር አሥር በመቶ፣ 20,000። ከሰፈሩ ሱቅ ዱቤ 4,000 ገደማ። ጥር 2013 ነበር። ሠርጉ አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። ቪዲዮውን ግን እስካሁን ሁለቴ ብቻ ነው ያየነው።

ከፍለን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ቁጠባ ያልመከረን ሰው የለም። ከምክሩ ግማሹ ልክ ነበር። የቀረው ግን ጭራሽ ገንዘብ አስወጣን።

«መብራት አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ»

አማቴ ቤታችን በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርጉት የስልክ ቻርጀር መንቀል ነው። «ሲንጠባጠብ ነው ባሕር የሚሆነው» ይላሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊጥ ያያሉ፣ ምጣዱንም ይሰኩታል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ለመጋል የሚፈጀውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ቢበራ 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ስልክ አንዴ ለመሙላት 20 ዋት ሰዓት ቢበቃው ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ጋገራ ስልኬን ለአንድ ዓመት ገደማ ይሞላልኛል። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

እንጀራ ሳንበላ አንኖርም፣ ለሳምንት አንዴ ብንጋግር ደግሞ ይሻግታል። እኛ ያደረግነው ከጎረቤቴ ጋር መስማማት ነው። ዛሬ ሁለታችንም በእኔ ምጣድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በእሷ። አንዴ የጋለ ምጣድ ሁለት ቤት ያበላል። አሮጌውን 60 ዋት አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ መቀየርም ያዋጣል። ቻርጀሩን ግን ተዉት።

(ለአማቴ ይህን ስሌት አላሳየኋቸውም። የሚያሳይ ካለ ይሞክር።)

«መጀመሪያ ትንንሹን ዕዳ አጥራ»

ሁሉም ሰው የሱቁን ዱቤ ቅድሚያ ስጡት አለን። ምክንያቱም ባለሱቁ በየቀኑ ያየናል። ያሳፍራል። አራጣ አበዳሪው ግን ወር ሲደርስ ነው የሚደውለው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የ20,000 ብር አሥር በመቶ በወር 2,000 ብር ነው። በአሥር ወር 20,000 ከፍለን ዋናው ብድር እንዳለ ይቀመጣል። የማኅበሩ ብድር ሦስት እጥፍ ነው፤ ወለዱ ግን በዓመት 12 በመቶ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር 600 ብር ብቻ ነው። ዱቤው ቢዘገይ የሚጎዳን ፊታችን ነው። ትልቁ ዕዳ ሌላ፣ ውዱ ዕዳ ሌላ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ አራጣም ወንጀል ነው። አበዳሪዎቹ ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ወለድ የሚል ቃል ወረቀት ላይ የማያሰፍሩት፤ የሰጡትን አብዝተው ያስፈርማሉ።

«ዕዳ እያለብሽ መቆጠብ ሞኝነት ነው»

ይሄኛው ሒሳብም ይደግፈዋል። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በወር አሥር በመቶ እየከፈልኩ በዓመት ሰባት በመቶ የሚያስገኝ ደብተር ምን ያደርግልኛል?

እኔም እንዲያ ብዬ በመጀመሪያው ወር የነበረንን 3,000 ብር አንስቼ ለአራጣ አበዳሪው ሰጠሁ። እፎይ አልኩ። በሳምንቱ ጥርሴ ተነሳ። ሌሊቱን ሙሉ ቅርንፉድ ነክሼ አደርኩ። ጠዋት ሐኪም ቤት ስንሄድ የተጠየቅነው ያንኑ ያህል ነበር፣ እጃችን ላይ ደግሞ የታክሲ ብቻ ነበር የቀረው። ባለቤቴ ለማን ደወለ? ለሰውየው። «ምን ችግር አለ፣ የእናንተው ብር አይደል?» አለው እየሳቀ። ያንኑ 3,000 መልሰን በአሥር በመቶ ተበደርን።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር አስቤዛ የሚሸፍን ገንዘብ አንነካም አልን። ስልኬ ላይ ቢሆን እንደማጠፋው ስለማውቅ ካርድ በሌለው ሒሳብ አስገባሁት። ይህን ቁጠባ ለወለዱ ብዬ አይደለም የያዝኩት፤ ወደዚያ ሰውዬ ቤት ላለመመለስ ነው። ከዚያ በላይ ማከማቸት ግን፣ አራጣ እያለ፣ እውነትም ሞኝነት ነው።

«ዕቁብ ያው ቁጠባ ነው»

እንደ ተራው ነው። አሥር ሰው በወር 2,000 ብር ሲጥል ዕጣው 20,000 ይሆናል። መጨረሻ የደረሰው በእርግጥ ቆጥቧል። መጀመሪያ የደረሰው ግን 2,000 ጥሎ 20,000 ሲወስድ 18,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። በየወሩ እየጣለ ይመልሳል። ያው ዕዳ ነው፣ ግን ርካሽ ዕዳ።

ይህን የነገሩኝ የዕቁባችን ዳኛ ናቸው፤ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሴት። ያለብኝን ስነግራቸው «አንቺ፣ ዕጣ ግዢ እንጂ!» አሉኝ። በሁለተኛው ወር ዕጣ የወጣለት ልጅ ለገንዘቡ አይቸኩልም ነበር። 1,000 ብር ጨምሬለት ተራውን ሸጠልኝ። ዋስ አምጪ ተባልኩ፣ የሥራ ባልደረባዬ ፈረመችልኝ። 20,000ውን ተቀብዬ በማግሥቱ አራጣውን ዘጋን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ልብ በሉ። ለወለድ በየወሩ ይሄድ የነበረው 2,000 አሁን ለዕቁብ ይጣላል። ስምንት ወር ጣልኩና አለቀ። ደሞዛችን አልጨመረም፣ ሆዳችንንም አልቆረጥንም። ያው ብር ነው፣ መንገዱን ብቻ ቀየረ።

አደጋ የለውም አልልም። ከደረሳችሁ በኋላ መጣል ቢያቅታችሁ የሚያዘው ዋሳችሁ ነው። ባልደረባዬን እንዳላሳፍራት ብዬ ማክያቶ የተውኩት ያኔ ነው። ለዕዳው ብዬ ትቼው አላውቅም ነበር።

«12 በመቶ ያው 12 በመቶ ነው»

አንድ አበዳሪ ተቋም «ዕዳሽን እኛ ጋ ጠቅልይው፣ ወለዳችን ያው 12 ነው» ብሎኝ ነበር። ልፈርም ምንም አልቀረኝም። አንዲት ጥያቄ አዳነችኝ፦ ወለዱ የሚታሰበው በዋናው ብድር ላይ ነው ወይስ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ላይ?

በዋናው ላይ ከሆነ 60,000 ብር ለሁለት ዓመት 14,400 ብር ወለድ አለው። በቀሪው ላይ ከሆነ 7,800 ገደማ። ስሙ አንድ፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው! የእኔ ማኅበር በቀሪው ላይ ነበር የሚያስበው። ከደሞዜ እየቆረጠ በሁለት ዓመት ጨረሰ። ስትጠይቁ በመቶኛ አትጠይቁ። «በጠቅላላው ስንት ብር እመልሳለሁ?» በሉ።

«ዱቤ ወለድ የለውም»

የባለሱቁ ደብተር ሰማያዊ ልባስ አለው፣ ጫፉ ዘይት ጠጥቷል። የእኛ ገጽ ላይ የባለቤቴ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ፦ ዘይት፣ ፓስታ 2፣ እንቁላል 5፣ ኦሞ፣ እንቁላል 5፣ ካርድ። ዋጋው እሱ የጻፈው ነው። በዱቤ የወሰደ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ «ቀንስ» ማለትማ ከየት መጥቶ! እንቁላሉ ሌላ ሱቅ እንደሚረክስ ባውቅም እዚያ ሄጄ በጥሬ ብር ስገዛ ቢያየኝስ?

ወለዱ እዚያ ውስጥ ነው። ዱቤውን ስንዘጋ ያገኘነው ትልቁ ነገር እንደ ልብ መዞር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ከሸማቾች። ከሱቁም መግዛት አላቆምንም፣ ግን አሁን እንከራከራለን። እሱም የወደደው ይመስለኛል።

«የስልክ ብድር ምን ብድር ነው?»

ትንሽ ስለሆነች፣ በሁለት ደቂቃ ስለምትገባ ዕዳ አትመስልም። «የአገልግሎት ክፍያ» ስለተባለም ወለድ አይመስልም። ለአንድ ወር ብድር ከመቶ አምስት ብር ቢቆረጥና በየወሩ ብትደጋግሙት በዓመት ከመቶ ስልሳ ነው። ለአንድ ጭንቅ ቀን ደኅና ናት። በየወሩ መጨረሻ ከለመደባችሁ ግን አስቤዛችሁ በብድር ነው ማለት ነው።

«ዕድር ለጊዜው አቁሙ»

አይሆንም። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ቢሞት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ቀብሩን ማን ይችለዋል? ያን ቀን የሚበደር ሰው ወለዱን አይጠይቅም።

«በጅምላ ከገዛህ ሁሌም ይረክሳል»

ለጤፍ እውነት ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመት ቢቀመጥ አይከፋም፣ ዋጋውም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲሄድ አላየሁም። ሽንኩርት ግን በአንድ ጆንያ ገዝቼ ሲሶው አጎንቁሎ፣ ሲሶው በስብሶ ጣልኩት። በርበሬም ሳይደርቅ ተፈጭቶ ከተከማቸ ይሻግታል። ደግሞ ጤፉም ቢሆን በአራጣ ብር ከተገዛ ርካሽ አይባልም።

የበዓል ሥጋ ላይ ግን አንዱ ጅምላ አያሳፍርም፦ ቅርጫ። ሠርጉን ባስታወስን ቁጥር በግ ካላረድን ሰው ምን ይለናል እያልን ሁለት በዓል ከስረናል። በሦስተኛው ቅርጫ ገባን። ማንም ምንም አላለም።

«የዘመድ ዕዳ ይደርሳል»

ይህን ያሉን ዘመዶች ናቸው። አጎቱም ራሳቸው «ስትችሉ» ነበር ያሉት። ወለድ የለ፣ ቀጠሮ የለ። በሒሳብ ካየነው የመጨረሻው ተራ የእሳቸው መሆኑ ልክ ነው፣ እኛም እንዲያው አደረግን። ስህተታችን ዝም ማለታችን ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያሉበት ለቅሶ ሲሆን አርፍደን ሄድን፣ ልደት ሲሆን ሰበብ ፈለግን። እሳቸው ገንዘቡን ሳይሆን ልጁን ያጡ መሰላቸው። በኋላ ባለቤቴ ሄዶ ወረቀቱን አሳያቸው። «መጀመሪያ ይሄን፣ ከዚያ ይሄን፣ ከዚያ እርስዎን» አላቸው። በየወሩ ስንት እንደምናመጣም ጻፈና ፈረመ።

«በዘመድ መካከል ወረቀት ነውር ነው» የሚሉም አሉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ እንጂ በሌላ እንደማይረጋገጥ የ1952ቱ ሕግ ይናገራል። የእኛ ወረቀት ግን ለፍርድ ቤት አልነበረም። አጎቱ ኪሳቸው ከተቱት፣ በነጋታውም ደውለው ምሳ ጠሩን።

አንድ ነገር ግን ወረቀቱ አልያዘም። ስንበደር 30,000 ብር ሰባት ኩንታል ገደማ ጤፍ ይገዛ ነበር። ከፍለን ስንጨርስ ሦስት አይሞላም። ብሩን ሙሉ መልሰን ግማሹን በላነው ማለት ይቻላል። ወለድ እንስጥዎ ብንላቸው እንደሚቆጡ እናውቃለን። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ የወሰድን ቀን ሃምሳ ኪሎ ማኛ ጤፍ ታክሲ ላይ ጭነን ሄድን።

አጎቱ በረንዳው ላይ ቆመው ጆንያውን አዩት። «ይሄ ደግሞ የማን ሐሳብ ነው?» አሉ ፊታቸውን አጥቁረው። ባለቤቴ ወደ እኔ ጠቆመ። መልስ ሳንሰጣቸው ባለቤታቸው የጆንያውን አንድ ጫፍ ይዘው ወደ ጓዳ መጎተት ጀምረው ነበር።