የስምምነት ፍቺ ምንድን ነው? ወረቀቱማ አይደለም

ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ነው ቢሮዬ የመጣው። አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ሉክ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በስምምነት ተፋተናል፤ አንዳችን በአንዳችን ላይ ምንም ጥያቄ የለንም» ይላል። ከሥሩ የባልና የሚስት ፊርማ አለ። ቀጥሎ የሦስት ሽማግሌዎች። አንደኛው የጣት አሻራ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ፈሷል።

ያመጡት እናት «እኔ እኮ ከተፋታሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉኝ። ኮንዶሚኒየማቸውን ሊሸጡ ውልና ማስረጃ ሄደው፣ ወይ የባል ፈቃድ ወይ የፍቺ ማስረጃ ያምጡ ተብለዋል። ሉኩን ሲያሳዩ «ይሄ አይሆንም» ተባሉ። የተናቁ መስሏቸው ተናደዋል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ግን ልክ ነበረች። ሴትዮዋ በሕግ ዓይን ዛሬም ባለትዳር ናቸው።

እንዲህ ያለ ሉክ ስንት አይቻለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ አይደለም። በዚህ ወር ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቪዲዮ ላኩልኝ። አንድ ኮት የለበሰ ወንድም ስልኩን እያየ «ውድ ቤተሰቦች፣ ፍርድ ቤት የሚኬደው ሲጣሉ ነው፤ በስምምነት ለሚፋቱ አንድ ውል ተፈራርሞ መገላገል ነው» ይላል። በልበ ሙሉነት። ሦስተኛው ሲደርሰኝ ስልኬን ዘግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሁለት የፍቺ መንገድ ያውቃል። ወይ ሁለቱ ተስማምተው ይመጣሉ፣ ወይ አንዱ (ወይም ሁለቱ) የፍቺ ጥያቄ ያቀርባሉ። ሁለቱም መንገድ የሚያልፈው በፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 117 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የስምምነት ፍቺ ማለት እንግዲህ ዳኛ የሌለበት ፍቺ አይደለም። ተጋቢዎቹ ለመፋታት መስማማታቸውንና የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም ልጅ ማን ጋ እንደሚሆን፣ ቀለቡን፣ ንብረቱን፣ ጽፈው ሲያቀርቡና ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቀው የሚገኝ ፍቺ ነው። ትዳሩን የሚያፈርሰው ማጽደቁ ነው።

ወረቀቱ ሊጥ ነው በሉት። ቦክቷል፣ አብሲቱ ተጥሏል፣ ቀጥኗል። ግን ሊጥ ነው። ሊጥ ይዞ እንግዳ ፊት የሚቀርብ የለም። ምጣዱ ፍርድ ቤቱ ነው። አክንባሎው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚማረርበት የማሰላሰያ ጊዜ ነው። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራል፤ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይሞክራል፤ ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ተከድኖ ይቆያል ማለት ነው። ዳኛው ከፍቶ የሚያየው ዓይን ማውጣቱን ነው፦ ስምምነቱ እውነተኛ ነው? በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ነው? ከሕግና ከሞራል ጋር አይጋጭም? ሊጡ ወፍሮ ከመጣም ዳኛው ውሃ ይጨምርበታል። አንቀጽ 80 እንደሚለው፣ የፍቺው ሐሳብ ደህና ሆኖ ስምምነቱ ግን የልጆቹን ወይም የአንደኛውን ተጋቢ ጥቅም በበቂ ካልጠበቀ፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ሊያርም ይችላል። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «አንተ ደሞ ምጣድ የት ታውቃለህ» ማለቷ አይቀርም። ምሳሌው እዚህ ይብቃው።

ይህ ማረም ጌጥ አይደለም። «ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይሆናሉ፤ እናት ቀለብ ላትጠይቅ ተስማምታለች» የሚል አንቀጽ ያለበት ስንት ስምምነት አይቻለሁ። እናትየዋ ቶሎ ለመገላገል ብላ ትፈርማለች። ቀለቡ ግን የእሷ አይደለም፣ የልጁ ነው። ሦስት ሽማግሌ ይህን አንቀጽ ሊያሳልፈው ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ አያሳልፈውም።

ኮት የለበሰው ወንድም አንድ ብልህ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልለፈው አልፈልግም። «ስንጋባ ዳኛ አላስፈለገንም። ስንፋታ ለምን ያስፈልገናል?» ይላል። እውነት አለው። ሕጉ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ሁሉንም ይቀበላል። በሦስት በር ይገባል። መውጫው ግን አንድ ነው። ምክንያቱ ተራ ነው፦ ስትገቡ ሁለት ናችሁ። ስትወጡ ልጅ አለ፣ ቤት አለ፣ አበዳሪ አለ፣ አንዳንዴም ፈርሚ ተብላ የፈረመች ሴት አለች።

ሽማግሌዎቹን ግን መውቀስ አይገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ፍርድ ቤት በይግባኝ ነበር የሚያየው። ያኔ «ሽማግሌ አፋታን» የሚል ሰው ሕጉን ነበር የሚናገረው። ያኔ ጥፋተኛ የተባለ ወገን ከንብረቱም ሊቀጣ ይችል ነበር። ዛሬም ሰዎች ቢሮዬ ገብተው ገና ሳይቀመጡ የባላቸውን ጥፋት መዘርዘር የሚጀምሩት ለዚህ ይመስለኛል። አሁን ለመፋታት በደል ማስረዳት ግድ አይደለም። በ1992 ያ ሥልጣን ለፍርድ ቤት ተላለፈ። ለሽማግሌ የቀረው የማስታረቅና የማግባባት ሥራ ነው፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፣ አነጋገራችን ግን እዚያው ቀረ።

«ወረቀቱ ባይጸድቅስ ምን ይመጣል? ተለያይተናል አይደል?» ለሚሉኝ መልሱ ኮንዶሚኒየሙ ነው። ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ሁለቱም ሠርተው የሚያገኙት የጋራ ነው። በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል ነው የሚለው እስካላስረዳ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጠራል። ያ ቤት የተገዛው ሉኩ ከተፈረመ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በእሳቸው ደመወዝ፣ በእሳቸው ስም። በሕግ ግምት ግን ግማሹ የባልየው ነው። ባልየውም በመሃል ሚኒባስ ገዝተዋል። እሱም ግማሹ የሴትዮዋ ነው! ሁለቱም ይህን ሲሰሙ እኩል ይደነግጣሉ።

«ምንም ጥያቄ የለንም» የሚለው ዓረፍተ ነገርስ? አንቀጽ 73ን ብዙ ሰው አያውቀውም። ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም። ስለዚህ ሉኩ እንደ ፍቺ ብቻ አይደለም የወደቀው፤ እንደ ንብረት ክፍፍል ውልም ወድቋል። አንዳቸው በዚህ መሃል ቢሞቱ ሌላኛው ግማሽ ድርሻዬን ብሎ ይመጣል። (በነገራችን ላይ በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። የሚወስደው የራሱን ድርሻ ነው። ይህን እዚህ ማንሳት አልነበረብኝም፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።) እንደገና ማግባትማ የባሰ ነው፤ በትዳር ላይ ሌላ ትዳር መመሥረትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ላይ ያደርሳል።

አሁን አንድ የሕግ ባልደረባዬ ይህን አንብቦ «የሰበር ውሳኔዎቹን ረሳኻቸው» እንዳይለኝ። አልረሳኋቸውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚያየው ችሎት፣ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን አዲስ ሕይወት መሥርተው በተገኙበት ጉዳይ፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም ጋብቻው እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። በዚህ አተረጓጎም የሕግ ሰዎች ተከራክረዋል፤ እኔም ብዙም አይጥመኝም። ግን እሱን ተማምኖ ቤት መግዛት፣ ሐኪም አለ ብሎ መርዝ እንደመቅመስ ነው። ክርክሩን ብታሸንፉ እንኳ ከዓመታት ችሎት በኋላ ነው፤ የማስረዳቱም ሸክም የእናንተ ነው።

ሌሎች «ግን»ዎችም አሉ። ከላይ የጠቀስኩት ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙው ይመሳሰላሉ፣ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም። ሙስሊም ተጋቢዎች ሁለቱም ከፈቀዱ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የቁርባን ጋብቻ ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው፤ የዳኛው ውሳኔ ለንስሐ አባታችሁ መልስ አይሆንም፣ የንስሐ አባታችሁም ቃል ለዳኛው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ፍቺ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው ከኖሩ የንብረት ጥያቄ ይከተላቸዋል።

መዝገብ ልትከፍቱ ከሆነ ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያዙ፤ ከሌለ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን የሚመሰክሩ ሰዎች ይፈለጋሉ። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። ካርታ፣ ሊብሬ፣ የባንክ ማስረጃ። ዕዳንም አትርሱ፤ ለቤት ወጪ የተበደሩት በአንዱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው፤ ያልተከፈለ እቁብም ይጻፍ። ሁሉንም አሁኑኑ ኮፒ አድርጉ። ኦሪጅናል የሚጠፋው ጠብ በተጀመረ ሳምንት ነው። በስምምነት የማይሆን ከሆነና ንብረት ይሸሻል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ከአቤቱታው ጋር እግድ ጠይቁ።

ስምምነቱን ስትጽፉ ደግሞ «ንብረታችንን ተካፍለናል» ብላችሁ አትለፉ። የቱን ቤት? የቤት ቁጥሩን ጻፉ። የቱን መኪና? ሰሌዳውን ጻፉ። ልጁ በየትኛው ቀን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነ፣ ወር በገባ በስንት እንደሚከፈል ይጻፍ። ውሳኔው ሲሰጥ ግልባጩን ይዛችሁ ወረዳ ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡ። ውልና ማስረጃ ላይ የሚጠየቀው ያኔ የምትቀበሉት ምስክር ወረቀት ነው።

የእኚያ እናት ጉዳይ ሲታይ ቀላሉ ነው። አልተጣሉም። በስምምነት ይቀርባሉ፤ ቤቱ ለእሳቸው፣ ሚኒባሱ ለባልየው ተብሎ በቁጥሩ ይጻፋል፤ ዳኛው ያያቸዋል። የቀረው ባልየውን ማግኘት ነበር። እዚያው ቢሮዬ ሆነን ደወልን፤ ስፒከር ላይ አደረግነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን።

«ያኔ ጨርሰን የለም እንዴ?» አሉ።

እንደገና አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ መቼ ልምጣ?» አሉ። ቀኑን ነገርኳቸው። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ድምፃቸው ተመለሰ።

«ሽማግሌዎቹንስ ይዤ ልምጣ? አንደኛው እንኳ አርፈዋል።»