ካን ቹዋ ምንድን ነው?

ካን ቹዋ የቬትናም ምግብ ነው፤ ስሙም ብዙ ምስጢር የለውም። «ካን» ሾርባ ነው፣ «ቹዋ» ደግሞ ኮምጣጣ። የአገሩ ሰሜኖች «ካኝ» ይሉታል፣ እኔ በደቡቦቹ አፍ ልጥራው፤ ምግቡ የታወቀው በእነሱ ነውና። ኮምጣጣ ሾርባ በቬትናም ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። ሰሜን ሃኖይ ውስጥ ኮምጣጣነቱ የሚመጣው «ሳው» ከሚባል አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ዛፉ የከተማው መንገድ ዳር ላይ ተተክሎ ይታያል፣ መረቁም ቀለል ያለና ቁጥብ ነው። የሜኮንግ ወንዝ ተበታትኖ ባሕር ወደሚገባበት ወደ ደቡቡ ረግረግ ሲወርዱ ግን ድስቱ ውስጥ አናናስ ይገባል፣ ባሚያ ይገባል፣ ስኳርም ይገባል።

ጣጣ ያመጣችው ይህቺ ስኳር ናት። ሰሜኖቹ ደቡቡን ሲያሙ «ሁሉ ነገር ላይ ስኳር ይጨምራሉ» ይላሉ። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን አንድ ደህና ካን ቹዋ የቀመሰ ሰው «ይጣፍጣል» ይላል እንጂ «ስኳር በዝቶበታል» አይልም። ቬትናምኛው ራሱ «ንጎት» የሚላት ቃል አለችው፤ የስኳርንም ጣፋጭነት፣ አጥንትና ዓሣ በደንብ የተቀቀለበትን መረቅም ትገልጻለች። ደቡቦቹ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚፈልጉት።

ሲሠራ ቢያዩት ነገሩ ይገባል። መጀመሪያ ሁመር፣ ብዙ ሰው ታማሪንድ የሚለው፣ በሙቅ ውሃ ይታሽና ይጠለላል። (ዛፉ የአፍሪካ ነው፤ የእኛም ቆላ ያውቀዋል።) መረቁ ሲፈላ አምባዛ ወይም ሌላ የወንዝ ዓሣ ወፈር ወፈር ተደርጎ ተቆርጦ ይገባል፣ አረፋው ይገፈፋል። የረግረግ ዓሣ የጭቃ ሽታ እንዳለው አምባዛ የቀቀለ ያውቃል፤ ያንን ሽታ የሚያመጣውን ንጥረ ነገር አሲድ ይሰብረዋል። ስለዚህ ሁመሩ የገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቀጥሎ አናናስ፣ ቲማቲም፣ ባሚያ። ዓሣው ሲበስል ወጥቶ ለብቻው ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ ቃሪያ የተቆረጠበት የዓሣ ሶስ ይፈስበታል። መጨረሻ ላይ የማሾ ቡቃያና የጎደሬ ዘመድ የሆነ ተክል አገዳ ይጨመራል። አገዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሲያኝኩት የጠጣውን መረቅ አፍ ውስጥ ይለቀዋል። እኔ ከድስቱ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ከምድጃ ሲወርድ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና «ንጎ ኦም» የሚባል ቅጠል ከላይ ይነሰነሳል። ሽታው ከሙንና ሎሚ የተደባለቀ ይመስላል፣ የሚበቅለውም የሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ሾርባው ይበላል፣ ግን ደቡብ ደቡብ አይሸትም።

ጨውን የሚተካው «ኑክ ማም» የሚባለው የዓሣ ሶስ ነው፤ ዓሣና ጨው በርሜል ውስጥ ተኝተው የሚወጣ ፈሳሽ። ስመ ጥሩው ከፉ ኩኦክ ደሴት የሚመጣው ነው። ሦስት እጅ ትንንሽ የባሕር ዓሣ በአንድ እጅ ጨው ታሽቶ በትልልቅ የእንጨት በርሜል አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ስሙን የአውሮፓ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. ጥበቃ ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ቅልቅል ከየት መጣ? አገሩ ራሱ ቅልቅል ነው። የሜኮንግ ደልታ፣ ያ የደቡቡ ረግረግ፣ ጥንት የክመሮች፣ ማለትም የካምቦዲያ ሰዎች፣ ነበር፤ ቬትናሞቹ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየገፉ ወረዱ፣ በ1679 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአዲሱ የቺንግ መንግሥት አንገዛም ያሉ ቻይናውያን በመርከብ መጥተው በቢየን ሆዋና በሚ ቶ አካባቢ ሰፈሩ። የክመሮቹ ኮምጣጣ ሾርባም ሁመርና አናናስ ይገባበታል፣ ያንኑ የሩዝ ማሳ ቅጠልም ያውቃል። ማን ከማን ወሰደ ብሎ መከራከር ለጎረቤታሞች የተተወ ነገር ነው። ስኳሩ ደግሞ ደጅ የበቀለ ነው፦ ሸንኮራ አገዳ አለ፣ የዘንባባ ስኳር አለ፣ ቤን ቼ የሚባለው አካባቢ በኮኮናት ተሸፍኗል።

ወቅትም አለው። ሜኮንግ ሞልቶ ሜዳውን በሚያጥለቀልቅበት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ «ካ ሊን» የምትባል የጣት የምታህል ዓሣ ከካምቦዲያ በኩል ከጎርፉ ጋር ትወርዳለች። «ዲየን ዲየን» የሚሉት ቢጫ አበባም የሚያብበው ያኔ ነው። የእኛ ገበሬ ለከብት መኖ የሚተክለው ሰስባኒያ ዘመድ ነው፤ እነሱ አበባውን ለቅመው ሾርባው ውስጥ ይጨምሩታል። ላይኛው ወንዝ ላይ ግድብ ከበዛ ወዲህ ጎርፉም ዓሣውም ቀንሷል።

ካን ቹዋን ብቻውን የሚያቀርብ ምግብ ቤት ግን ግማሹን ነው የሚሸጠው። አንድ ጊዜ እንዲያ ቀርቦልኝ፣ ስኳሩ ብቻ አፌ ላይ ቀርቶ፣ ሰሜኖቹ እውነታቸውን ነው ብዬ ወጥቻለሁ። ቤት ውስጥ አጠገቡ «ካ ኮ ቶ» ይቀመጣል፦ ስኳር እስኪጠቁር ተቃጥሎ፣ ኑክ ማምና የኮኮናት ውሃ ተጨምሮበት፣ ዓሣ በትንሽ ሸክላ ድስት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚንተከተክበት ወጥ። ጨዋማ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ያቃጥላል። አንድ ጉርሻ ሩዝ በእሱ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ኮምጣጣ ሾርባ፤ እንደገና ወደ ሸክላው። ሾርባው ለብቻው ሲቀመስ የበዛ የመሰለው ስኳር ከዚህ ጨው ጎን ሲቀመጥ ልክ ይሆናል።

ዓሣው ካለቀ በኋላ ሸክላው ሥር ጥቁር፣ የተጣበቀ መረቅ ይቀራል። የቀረ ሩዝ ይገለበጥበትና እዚያው በማንኪያ እየተፋቀ ይበላል፤ ብዙ ጊዜም የሚሻሙት ልጆቹ ናቸው።