«ሆዳም»፣ «ጠጪ»፣ «ሱሰኛ»፦ ልክ ስለማለፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው ሙሉ እሽግ ብስኩት በአንዴ ሲጨርስ «ሆዳም» እንለዋለን። ቅዳሜ ማታ እስኪወድቅ የሚጠጣውን ግን «ጠጪ እንኳ አይደለም፣ ሳምንቱን ሙሉ አይቀምስም» ብለን እናልፈዋለን። ተከታታይ ፊልም ሲያይ ያነጋውን ደግሞ «ሱሰኛ» እንለዋለን። ሦስቱም ልክ አልፈዋል፤ የገጠማቸው ነገር ግን አንድ አይደለም። ስለ መብላት የሚነገረው በተለይ ሰው ስለሚጎዳ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

«ቆራጥነት ስለሌለው ነው እንጂ ይተው ነበር»

ብዙ ጊዜ ያለ ልክ መብላት የሚመጣው ያለ ልክ ከመከልከል በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ6 ወር ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው። ዓላማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የተመረጡት በአካልም በአእምሮም ጤነኞች ስለነበሩ ነው።

ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሐሳባቸው ላይ የደረሰው ነው። ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እያገላበጡ ይውሉ ጀመር። ሳህን ይልሱ ነበር። ገደቡ ከተነሳ በኋላም ሆዳቸው ጢም ብሎ ረሃቡ ያልለቀቃቸው ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ማን ነው «ቆራጥነት የላችሁም» የሚላቸው?

በየቤቱ የሚታየው የዚህ ትንሹ መልክ ነው። ቁርስ ይዘለላል። ምሳ በቡና ይታለፋል። ማታ ፍሪጁ ይከፈታል፤ ሰውዬው ሳይቀመጥ፣ ሳያሞቅ፣ ያገኘውን ከዕቃው ላይ በእጁ እያነሳ ይበላል። ሲነቃ ዕቃው ባዶ ነው። ያ ሰው ያጣው ቆራጥነት ሳይሆን ቁርስና ምሳ ነው።

«ትናንት ስላበዛሁ ዛሬ ምንም አልቀምስም»

ይሄ ቅጣት ማታውን ይደግመዋል። የሚቀጥለውን ምግብ በተለመደው ሰዓቱ፣ በተለመደው መጠኑ መብላት ይሻላል። በቃ።

«በሽታ የሚባል ነገር የለም፣ ሆዳምነት ነው»

ድግስ ላይ ጠግቦ መድገም በሽታ አይደለም፤ ማንም ያደርገዋል። ነገር ግን ያለ ልክ መብላት ራሱን የቻለ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ውስጥ በራሱ ስም ተመዝግቧል። መለያው የምግቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰውዬው ልቁም ቢል መቆም ያቅተዋል። ሳይርበው ይበላል፣ በጥድፊያ ይበላል፣ ሆዱ እስኪያመው ይበላል። ስለሚያፍር ተደብቆ ይበላል፤ ሲጨርስ ራሱን ይጠላል። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለ3 ወር ከተደጋገመ ሐኪም ማየት አለበት። ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይይዛል። ከባለሙያ ጋር በመነጋገር በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ብዙዎች ይሻላቸዋል። «ሆዳም» የሚለው ስድብ ግን የሚደበቀውን ሰው የባሰ ይደብቀዋል።

«ተከታታይ ፊልም ሱስ ሆኖበታል»

ሱስ የሚለውን ቃል እንዲህ ባንበትነው ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው የቪዲዮ ጌም ነው። እሱም ቢሆን ሰውዬው መቆጣጠር ሲያቅተውና ሥራው፣ ትምህርቱ ወይም ቤተሰቡ ሲጎዳ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። አንድ ሌሊት ፊልም ሲያይ ያነጋ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ ስላልጠጣሁ ቅዳሜ ባካክሰው ችግር የለውም»

ጉበት የተጠራቀመ ሂሳብ አይዝም። በአማካይ በሰዓት የሚያጣራው አንድ መለኪያ (አንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ወይም አንድ ብርጭቆ ወይን) ያህል ነው፤ የቀረው ደም ውስጥ ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ 2 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ለሴት 4፣ ለወንድ 5 መለኪያ ከደረሰ ያለ ልክ መጠጣት ይባላል። ያ ሰው በሌላው ቀን ጠብታ አለመቅመሱ የዚያን ሌሊት አደጋ አይቀንሰውም።

ጥቁር ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ስካር አያበርድም። ያነቁት ይሆናል፤ መጠጡ ግን ደሙ ውስጥ እንዳለ ነው።

«ይተኛ፣ ይለቀዋል» የሚለው ደግሞ ሰው ይገድላል። መጠጣት ካቆመ በኋላም በደም ውስጥ ያለው አልኮል ሊጨምር ይችላል፤ ሆዱ ውስጥ የቀረው ገና እየገባ ነውና። ተኝቶ ሲያስታውክም ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ቢጠሩት ካልነቃ፣ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወዲያው የድንገተኛ ሕክምና ጥሩለት።