የዳታቤዝ ግራንት ምንድን ነው? (ዊኪ ለምትጭኑ ሰዎች)

ሚዲያዊኪ (ያው ዊኪፒዲያ የሚሰራበት ሶፍትዌር፣ የአማርኛውም ጭምር) ስትጭኑ ኢንስታለሩ መጀመሪያ የዳታቤዝ ዩዘር ይጠይቃችኋል፣ ብዙ ሰው ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋናው አካውንት) ብሎ ይሞላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ለኢንስታሌሽን የተጠቀምክበትን አካውንት ለዌብሳይቱም ልጠቀምበት ወይ የሚል ቼክቦክስ ይመጣል፣ እሱንም እሺ ብሎ ያልፋል። ሳይቱ ይሰራል፣ ስለሚሰራም ተመልሶ የሚያየው የለም።

ግራንት እንግዲህ ማይኤስኪውኤል ወይ ማሪያዲቢ በሚባሉት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ላይ እከሌ የሚባል ዩዘር እዚህ ዳታቤዝ ላይ ይሄን ይሄን ማድረግ ይችላል ብላችሁ ፐርሚሽን የምትሰጡበት ትእዛዝ ነው። ማንበብ ሴሌክት፣ መጨመር ኢንሰርት፣ መቀየር አፕዴት፣ መሰረዝ ዲሊት። ከነሱ ከበድ የሚሉት ቴብል (የዳታ ሰንጠረዥ) የሚፈጥረው ክሬት፣ አወቃቀሩን የሚቀይረው ኦልተር እና ድሮፕ ናቸው፣ ድሮፕ ቴብሉን ከነዳታው ድራሹን ነው የሚያጠፋው። የሰጣችሁትን መልሳችሁ የምትነጥቁት በሪቮክ ነው።

አሁን ሰው የሚምታታበት ጋ እንምጣ። ዊኪው ላይ አድሚን መሆንና ዳታቤዙ ላይ ፐርሚሽን ማግኘት ምንም አይገናኙም። ሬስቶራንት ውስጥ ኪችኑ የሚያውቀው አስተናጋጁን እንጂ ተመጋቢውን አይደለም አይደል፣ ዳታቤዙም እንደዛው ነው፣ ሺ ኤዲተር ቢኖራችሁ ሁሉም የሚገባው በአንድ ዩዘር በኩል ነው፣ የሱ ፓስዎርድ ደግሞ ሎካልሴቲንግስ የሚባለው ፋይል ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ኤክስቴንሽን (ዊኪው ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በዌብሳይቱ በኩል የራስን ትእዛዝ ወደ ዳታቤዙ ማስገባት) ቢሰራባችሁ ሰብሮ የገባው ሰው ከዳታቤዙ የሚያገኘው ስልጣን ለዛ ዩዘር የሰጣችሁትን ያህል ነው። ሩት ከሆነ እዛው ሰርቨር ላይ ያሉት ሌሎች ዳታቤዞችም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

የሚሻለው ሁለት ዩዘር መፍጠር ነው። ለእለት ተእለቱ ሴሌክት፣ ኢንሰርት፣ አፕዴት፣ ዲሊት፣ እሱም የዊኪው ዳታቤዝ ላይ ብቻ። አፕግሬድ ስታደርጉ ግን የአፕዴት ስክሪፕቱ ቴብል መፍጠርና መቀየር ስለሚፈልግ ጠንከር ያለውን ዩዘር ያኔ ብቻ ከተርሚናል ትሰጡታላችሁ። የሱን ፓስዎርድ እዛው ሎካልሴቲንግስ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን ሁለት ማድረጋችሁ ምን ጠቀመ?

ሌላ ደግሞ እዚህ ዩዘር ማለት ስሙ ብቻ አይደለም፣ ከየት እንደሚመጣም ይጨምራል። ዊኪ የሚባል ዩዘር ከሎካልሆስት (ከራሱ ከሰርቨሩ) እና ዊኪ ከሌላ አይፒ (የኮምፒውተር አድራሻ) ሁለት የተለያዩ አካውንቶች ናቸው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል ለየብቻ ሳጥን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ስትጭኑ ፓስዎርዱ ልክ ሆኖ 1045 የሚል አክሰስ ዲናይድ የሚመጣባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ኮንቴነሩ የሚመጣው ከራሱ አይፒ ነዋ። ሰው ሲበሳጭ ሆስቱን የፐርሰንት ምልክት አድርጎ ከየትም ይግባ ይላል፣ ፖርት 3306 (ዳታቤዙ የሚገባበት በር) ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ግን ይሄ የእውነት ከየትም ነው።

አንዷ ደግሞ ተንኮለኛ ነች። የዳታቤዙ ስም ውስጥ አንደርስኮር ካለ ግራንት ላይ እሷን ማንኛውም አንድ ፊደል ብሎ ነው የሚያነባት፣ ስለዚህ ከፊቷ ባክስላሽ ካላደረጋችሁ ስሙ ተቀራራቢ የሆነ ሌላ ዳታቤዝም ላይ ፐርሚሽኑ ሊያልፍ ይችላል።

ስታቲስቲክስ ልስራ ዳታቤዙን ክፈቱልኝ የሚል ሰው ሲመጣስ? ሴሌክት ብቻ ስለሆነ ምን ይጎዳል ብላችሁ ሙሉውን አትስጡት፣ ዩዘር የሚባለው ቴብል ውስጥ የሰዉ ኢሜይልና የፓስዎርዱ ሃሽ (ፓስዎርዱ ተቀይሮ የተቀመጠበት ኮድ) አለ። ፔጅና ሪቪዥን የሚባሉትን ቴብሎች ብቻ ስጡት፣ ስም ከፈለገ ደግሞ ግራንት በኮለምም ይሰጣል፣ ዩዘር ኔም የሚለውን ብቻ ነጥሎ ማለት ነው። ዊኪሚዲያም ለበጎ ፈቃደኞች የሚከፍተው ሚስጥራዊው ነገር የተነሳለትን ኮፒ በቪው (ከቴብሉ የተመረጠውን ብቻ የሚያሳይ መስኮት) በኩል ነው እንጂ ዋናውን አይደለም።

አሁን ያላችሁበትን ለማወቅ ሾው ግራንትስ ፎር ብላችሁ ዩዘሩን ከነሆስቱ ጻፉለት። ዩሴጅ ኦን ኮከብ ነጥብ ኮከብ (ሁሉም ዳታቤዝ፣ ሁሉም ቴብል ለማለት ነው) የሚል መስመር ብታዩ አትደንግጡ፣ መግባት ይችላል እንጂ ምንም አልተሰጠውም ማለት ነው። ኮከብ ነጥብ ኮከብ ሆኖ ከፊቱ ሴሌክት፣ ድሮፕ፣ ፋይል (የሰርቨሩን ፋይሎች የማንበብና የመጻፍ ፐርሚሽን) ምናምን ከተደረደረ ግን ሪቮክ የምትጀምሩት ከዛ መስመር ነው።