«ድሮ በአንድ ደመወዝ ቤት ይገዛ ነበር»፦ ስለ 1950ዎቹ የአሜሪካ ቤተሰብ የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

በሜሪላንድ ግዛት ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች የብድር ሰነድ ማዘጋጀት ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከባለጉዳዮቼ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታትም አንድ ዓይነት ንግግር ሳልሰማ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። የወር ክፍያውን ሳሳያቸው ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያም፣ «ድሮ እኮ አሜሪካዊው በአንድ ደመወዝ ቤት ገዝቶ፣ መኪና ይዞ፣ ሚስቱን ቤት አስቀምጦ አራት ልጅ ያሳድግ ነበር፤ እኛ ባልና ሚስት ቀን ከሌሊት ሠርተን ያቃተን ምን ብንሆን ነው?» ይላሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ ጥያቄውን ራሳቸውን በመውቀስ የሚመልሱት መሆናቸው ነው።

ሥዕሉ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በጊዜው የነበሩ የመጽሔትና የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች የታጨደ ሣር፣ አዲስ ማቀዝቀዣ፣ በር ላይ የቆመ ረጅም መኪናና የተሰበሰበ ቤተሰብ ያሳዩ ነበር፤ በ1950 ከመቶ አሜሪካዊ ቤተሰብ ቴሌቪዥን የነበረው ወደ 9 የሚሆነው ብቻ ሲሆን በ1960 ቁጥሩ ወደ 87 ደርሷል፤ ማስታወቂያውም አብሮ ወደየቤቱ ገባ። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሥዕሉ ውስጥ እውነት የሆነ እንዳለም አልክድም። ደመወዝ በፍጥነት ያድግ ነበር፤ ከሠራተኛው ሲሶ ያህሉ በሠራተኛ ማኅበር ታቅፎ ስለነበር ሲደራደር ድምፁ ይሰማ ነበር፤ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች ድርሻም በ1940 ከነበረበት ወደ 44 በመቶ በ1960 ወደ 62 በመቶ ከፍ ብሏል። ሆኖም ዛሬ ይኸው ድርሻ 65 በመቶ አካባቢ መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም።

«ቤቱ ሰፊ ነበር» የሚለው ስሕተት ነው። በ1947 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ ድንች ይመረትበት በነበረ መሬት ላይ መሠራት የጀመረው ሌቪትታውን የተባለው የመኖሪያ መንደር የዘመኑ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ስፋት ግን 70 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር፦ ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ ምድር ቤት የሌለው፣ ጣሪያ ሥሩ ያላለቀ። ዛሬ ባለጉዳዮቼ ጠበበን ብለው የሚተዉት ቤት ከዚያ ይሰፋል።

«ሁሉም ደልቶት ይኖር ነበር» ለሚሉም፣ በ1950 ከአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የተሟላ የውኃና የመታጠቢያ አገልግሎት አልነበራቸውም፤ በኋላ በወጣው ይፋዊ መለኪያ መሠረትም በ1959 ከመቶ ሰው ወደ 22 የሚሆነው ከድህነት ወለል በታች ነበር።

«ሴቶች ሁሉ ቤት ይውሉ ነበር» የሚለውን የማልታገሠው በተለይ ባሎች በሚስቶቻቸው ፊት ሲናገሩት ነው። በ1950 ለሥራ ከደረሱት ሴቶች ሲሶ የሚሆኑት ተቀጥረው ይሠሩ ወይም ሥራ ይፈልጉ ነበር፤ በ1960 ደግሞ ቁጥራቸው የበለጠ ጨምሯል። ብዙዎቹ ባለትዳሮች ነበሩ፤ ለመኪናው፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፣ ለልጆቹ ትምህርት ተጨማሪ ገቢ ያስፈልግ ነበርና። በየሰው ቤት የሚያጸዱትንና የሌላ ሰው ልጅ የሚያሳድጉትን ጥቁር ሴቶች ደግሞ ማስታወቂያው ፈጽሞ አላሳያቸውም። አንድ ባለጉዳዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት፣ ባሏ ይህን ሲናገር ጎንበስ ብላ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ለቅድመ ክፍያው ከተጠራቀመው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ከእርሷ ዕቁብ የመጣ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሰለቸኝ ግን፣ «ቤቱን የገዙት ያለ ማንም እርዳታ፣ ያለ ዕዳ፣ በላባቸው ነው» የሚለው አባባል ነው። የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ ይህን በደንብ ላስረዳ።

ከ1930ዎቹ በፊት አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሚሰጠው ብድር ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ገዢው የዋጋውን ግማሽ ያህል ከኪሱ እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር። በዚህ ሁኔታ ተራ ሠራተኛ ቤት ሊገዛ አይችልም። ነገሩን የለወጠው ሠራተኛው ድንገት ቆጣቢ መሆኑ ሳይሆን መንግሥት በብድሩ ውስጥ መግባቱ ነው። በ1934 የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ተቋቁሞ ለባንኮች ብድር ዋስትና መስጠት ጀመረ፤ በሰኔ 1944 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የተመላሽ ወታደሮች ሕግ መንግሥትን የወታደሩ ዋስ አደረገው። ተበዳሪው ባይከፍል መንግሥት እንደሚከፍለው ያወቀ ባንክ የሚፈራው ነገር ስለሚቀንስ ወለዱን ዝቅ፣ የመክፈያ ዘመኑን ረዘም፣ ቅድመ ክፍያውንም አነስ ያደርጋል። ለተመላሽ ወታደር ወለዱ መጀመሪያ ላይ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ነበር። በ1949 ሌቪትታውን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ቤት ዋጋው 7,990 ዶላር ሲሆን፣ ወታደር የነበረ ሰው ያለ ምንም ቅድመ ክፍያ፣ በወር 58 ዶላር ገደማ እየከፈለ ይገባበት ነበር። ከቤቱ ጋር የሚመጣው የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንኳ በዚያው ብድር ውስጥ ተጠቃልሎ ነበር። ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድም ከመንግሥት ካዝና ተከፍሎበታል፤ በ1956 በወጣው ሕግ መሠረት ግዛቶችን የሚያገናኙትን አውራ ጎዳናዎች ወጪ 90 በመቶ የሸፈነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

በሐምሌ 1959 ሞስኮ ላይ በተከፈተው የአሜሪካ ኤግዚቢሽን፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለሶቪየት ኅብረቱ መሪ ለክሩሽቾቭ 14,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት እያሳዩ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሊገዛው እንደሚችል ሲናገሩ፣ አያይዘው ክፍያው በወር 100 ዶላር ያህል፣ ዘመኑም ከ25 እስከ 30 ዓመት መሆኑን ገልጸዋል። የዘመኑን ኑሮ ለዓለም ያስተዋወቁት ሰው ራሳቸው ዕዳውን አልደበቁም፤ የደበቅነው እኛ ነን። የፍጆታ ዕቃውም እንዲሁ ነበር፤ መኪናው በየወሩ ክፍያ ይገዛ ነበር፤ በ1958 አንድ የካሊፎርኒያ ባንክ በፍሬዝኖ ከተማ ላሉ ነዋሪዎች 60,000 የሚሆኑ የክሬዲት ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ ልኳል።

ይህን ስገልጽ፣ «እንግዲህ መንግሥት ለሁሉም ረድቷል ማለት ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ይህም አይደለም። የፌዴራሉ ቤቶች አስተዳደር ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሠፈር ለብድር የማያስተማምን አድርጎ ይመድብ፣ በውል ሰነዶች ውስጥም ዘርን የሚለይ አንቀጽ እንዲገባ ይመክር ነበር። የሌቪትታውን የመጀመሪያ ውሎች ከነጭ ዘር ውጭ ማንም እንዳይኖርበት ይከለክሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ቢወስንም፣ መንደሩን የሠራው ኩባንያ ለጥቁር አለመሸጡን ቀጠለ። በነሐሴ 1957 ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ኩባንያው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ወደሠራው ሌላ ሌቪትታውን ሲገቡ፣ ከቤታቸው ፊት የተሰበሰበው ሕዝብ ድንጋይ ወርውሮ መስኮታቸውን ሰብሯል። ባልየው ወታደር የነበረ ሰው ነው። በእኛው ሜሪላንድ ቦዊ ውስጥ ያው ኩባንያ በ1960 ለሽያጭ ያቀረበው መንደርም ለጥቁር ገዢ ዝግ ነበር፤ በዘር ምክንያት ቤት አልሸጥም ማለትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ዛሬ ከቦዊ ነዋሪዎች የሚበዙት ጥቁሮች ናቸው፤ እኔም በዚያ ቤት ለገዙ ሦስት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሰነድ አዘጋጅቻለሁ።

ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ራሱን ከሥዕሉ ጋር ማወዳደሩን ትቶ ከራሱ ገቢ እንዲነሣ አጥብቄ እመክራለሁ። ግዛታችንና ካውንቲዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ሰዎች የቅድመ ክፍያ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ብዙ ወገኖቻችን ግን ድጋፍ መቀበልን እንደ ነውር ቆጥረው አይጠይቁም። ጠይቁ። ብድሩን ከመፈረማችሁ በፊት የወለዱን፣ የግብሩንና የመድኅኑን ድምር አንድ ላይ አስጽፉ፤ የሦስት ወር ክፍያ በእጃችሁ ሳይኖር አትፈርሙ፤ የቤት ዕቃውን ደግሞ ቤቱን ከያዛችሁ በኋላ ቀስ እያላችሁ ግዙ።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1940ዎቹ የተሠራ ቤት ሊገዛ ፈልጎ ለቅድመ ክፍያው ጥቂት ጎድሎት ነበር፤ የድጋፉን ማመልከቻ ለመሙላት ግን እምቢ ብሏል። አባትየውም፣ «እነዚያ ሰዎች ማንን ለምነው ገዙ? ልጄ ይሥራና ይግዛ» አሉ። የቤቱን የቆየ የባለቤትነት ሰነድ አወጣሁና፣ ሕጋዊ ኃይል የሌለው ሆኖም ከወረቀቱ ያልተፋቀውን አንቀጽ በአማርኛ አነበብሁላቸው፦ ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ ከቤት ሠራተኛ በቀር ጥቁር እንዳያድርበት። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ማመልከቻውን ሙላው» አሉት።