የላክሽማን መስመር የማን ነው?

ሰሞኑን ህንድ አብረን የተማርን ሰዎች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ አንዱ ስለ እህቱ ልጅ አማረረ። ሥራ አግኝታ ብቻዋን ሌላ ከተማ ገብታለች። «ላክሽማን ሬካን አለፈች» ብሎ ጻፈ። ሬካ መስመር ነው። «ከዚህ ወዲያ ንቅንቅ የለም» ለማለት ህንዶች ይህችን ይጠሯታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲም ሕዝቡን ቤት ያስቀመጡት በደጃችሁ ላክሽማን ሬካ ተሰምሯል ብለው ነው።

ታሪኩ ራማያና ከሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ተረክ ነው። ልዑሉ ራማ የወርቅ አጋዘን ተከትሎ ጫካ ገባ። የሱን ድምፅ የመሰለ የድረሱልኝ ጩኸት ተሰማ። ወንድሙ ላክሽማን የራማን ሚስት ሲታን ትቼ አልሄድም ቢል፣ «እሱ ሲሞት እኔን ልትወስድ ነው» አለችው። ክፉ ቃል ነው፤ ሲታም ሰው ናት። ጎጆዋን በመስመር ከቦ ሄደ። የአጋንንት ንጉሥ ራቫና መናኝ መስሎ ደጇ ቆመ። መናኝን በባዶ እጁ መመለስ ነውር፣ መስመሩን ማለፍም ጥፋት። ምጽዋቱን ይዛ ወጣች፤ አፈፍ አድርጎ ወሰዳት።

ታዲያ ገጣሚው ቫልሚኪ ደረሰው በሚባለው በጥንቱ ራማያና መስመሩ የለም። ኋላ በየቋንቋው ሲተረክ የገባ ነው። ከየት? እኔን ብትጠይቁኝ ከሴቶች እጅ።

ህንድ፣ ቪሻካፓትናም ከተማ ያከራዩኝን ሴትዮ «አማ» (እናት) እላቸው ነበር። ሳይነጋ ደጁን በእበት ውሃ ይረጫሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ነጭ ዱቄት በሁለት ጣት መሃል ያንጠባጥባሉ። መጀመሪያ ነጥብ በረድፍ በረድፍ፣ ቀጥሎ ነጥቦቹን እየዞረ የሚያቅፍ መስመር። ሙጉ ይሉታል። ለሳንክራንቲ፣ ለመኸር በዓል፣ ዱቄቱ የሩዝ ነው፤ ጉንዳን ተሰልፎ ይበላዋል። «ይብላ፣ እሱም እንግዳ ነው» ይላሉ። አንድ ጠዋት እንዳላበላሸው ዘልዬ ልወጣ ስል ሳቁብኝ። «ርገጠው እንጂ! ነገ ሌላ እሠራለሁ።»

እንደኔ ግምት ተራኪዎቹ ይህን የደጅ መስመር አይተው ነው ለላክሽማን ያስያዙት። አማ ሰው እንዲገባ ያሰመሩት፣ በተረቱ ሴት እንዳትወጣ ሆነ። ዛሬማ ላክሽማን ሬካ የሚባል የበረሮና የጉንዳን ማጥፊያ ጠመኔ ገበያ ላይ አለ! ጉንዳኑም አልቀረለትም።

ያ ወዳጃችንም ቢሆን አባባሉን የያዘው በጅራቱ ነው። ሲታ መስመሩን ያለፈችው የሚበላ ይዛ ነው። የእህቱ ልጅም ከደሞዟ ለእናቷ ትልካለች፤ ራሱ ነው ግሩፑ ላይ የነገረን።